ሰባት ሰው፣ ሁለት ብስክሌት፣ አንድ መኪና፦ ከሀዋሳ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ይህ ነው።

«የምንኖረው ሀዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ ነው። ሦስት ልጆች አሉን፤ 11፣ 7 እና 3 ዓመታቸው ነው። አራተኛው ታኅሣሥ ላይ ይወለዳል። የባለቤቴ እናትም አብረውን ነው የሚኖሩት። አሁን ያለችን ቪትዝ ናት። ትልልቆቹ ልጆች ብስክሌት ይነዳሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የኳስ ልምምድ አላቸው። በወር አንዴ አለታ ወንዶ ቤተሰብ ጋ እንሄዳለን። ስንመለስ ቆጮው፣ አቮካዶው፣ ቡናው ተጭኖ ነው። አዲስ አበባም በዓመት ሁለት ሦስቴ እንሄዳለን። ባለቤቴ ያገለገለ ራቭ ፎር እንግዛ ይላል። ወንድሜ ‹በዚህ ዘመን ማን ቤንዚን ይገዛል? ኤሌክትሪክ ግዙ› ይላል። እኔ አቫንዛ አይቼ ወድጃለሁ፤ ግን ‹የታክሲ መኪና› እያሉ ያሾፉብኛል። ቤታችን ኪራይ ነው። ግቢ ውስጥ ማቆም እንችላለን፤ ቆጣሪው ግን ከሌሎች ተከራዮች ጋር የጋራ ነው። የቱ ይሻለናል? ቪትዟንስ እንሽጣት ወይስ እናቆያት?»

እህቴ፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ምክንያቱን ቀስ ብለን እናያለን። ለእናንተ ቤት የሚሆነው ባለ ሰባት መቀመጫ የቤንዚን መኪና ነው። ሞተሩ ከ1.5 ሊትር ባያንስ ጥሩ ነው። አንቺ ያየሽው ቶዮታ አቫንዛ ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ሱዙኪ ኤርቲጋና ቶዮታ ራሽም አሉ። ስለዚህ ሹፈቱን ተዪው። በመኪና እንጀራ የሚበላ ሰው የሚመርጠው መለዋወጫው የትም የሚገኝ፣ የትኛውም መካኒክ የሚያውቀው፣ ከጋራዥ ቶሎ የሚወጣ መኪና ነው። ይህ ለቤተሰብም ትልቅ ነገር ነው።

አሁን እንቁጠር። ባለቤትሽ፣ አንቺ፣ አማትሽ፣ ሦስቱ ልጆች። ስድስት ናችሁ። ታኅሣሥ ላይ ሰባት ትሆናላችሁ። ቪትዝ የአምስት ሰው መኪና ናት። በደብዳቤሽ ላይ አላነሳሽውም፤ ግን እስካሁን አለታ ወንዶ የምትሄዱት አንዱ ልጅ ጭን ላይ ሆኖ፣ ወይም በሁለቱ የፊት ወንበሮች መሀል ቆሞ እንደሆነ እገምታለሁ። እዚህ ላይ ልለማመጥሽ አልችልም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር በሚነዳ መኪና ግጭት ቢፈጠር፣ 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ለዚያች ቅጽበት ከ200 ኪሎ በላይ ይከብዳል። ያንን የሚይዝ የእናት ክንድ የለም። ከሀዋሳ ሻሸመኔ ያለውን መንገድ ታውቂዋለሽ። ከባድ መኪና አለ፣ ባጃጅ አለ፣ ጋሪ አለ፣ ድንገት የሚገባ ከብት አለ። ስለዚህ የመኪና ምርጫችሁ የሚጀምረው ከስም ወይም ከቁመት አይደለም። ሁሉም ሰው የራሱ መቀመጫና የራሱ ቀበቶ ሊኖረው ይገባል። ይህን የማያሟላ መኪና ምንም ጥሩ ቢሆን ከዝርዝሩ ይውጣ።

የራቭ ፎር ጉዳይ እዚሁ ላይ ያልቃል። ጥሩ መኪና ነው፤ ባለቤትሽ ቢወደው አልፈርድበትም። ነገር ግን እዚህ አገር በብዛት የምናገኘው ባለ አምስት መቀመጫው ነው። ሰባት ሰው ይዛችሁ የምትገቡበት አይደለም። «ከፍ ያለ ስለሆነ ለመንገዳችን ይሻላል» የሚለውም ቢሆን ሲለካ ያን ያህል አይደለም። ከ2006 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. የተሠራው ራቭ ፎር ከመሬት ያለው ከፍታ ወደ 190 ሚሊ ሜትር ነው። የአቫንዛው ወደ 200 ነው። መኪናው ሲታይ ግዙፍ መሆኑና ሆዱ ከመሬት መራቁ ለየቅል ናቸው።

ነዳጁንም ጨምሪበት። ባለ 2.4 ሊትር ራቭ ፎር ከተማ ውስጥ በ100 ኪሎ ሜትር ከ10 ሊትር በላይ ይጠጣል። ባለ 1.5 ሊትሩ ሰባት መቀመጫ ከዚያ በ3 ሊትር ገደማ ያንሳል። በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር ብትነዱ ልዩነቱ 450 ሊትር ነው። ይህን በዛሬው የሊትር ዋጋ አባዢና ለባለቤትሽ አሳዪው።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሰባት መቀመጫ ያለው መኪና መግዛት አንድ ነገር ነው፤ ሰባት ሰው በትክክል ማስቀመጥ ሌላ ነው። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መኪናውን ባልየው ከደላላ ጋር ሄዶ ያየዋል፣ ሞተሩን ያዳምጣል፣ ይገዛል። ቤት ሲመጣ የሕፃኑ መቀመጫ ከገባ በኋላ ወደ ሦስተኛው ረድፍ መግቢያ እንደሌለ ይታወቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእነዚህ መኪኖች ወደ መጨረሻው ረድፍ የሚገባው የመሀሉን ወንበር አጥፎ ነው። የመሀሉ ወንበር በሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወገን ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ ነው። የሕፃን መቀመጫ የታሰረበት ወገን አይታጠፍም። ሁለቱም ጫፍ ላይ የልጅ መቀመጫ ካሰራችሁ ትልልቆቹ ልጆች በኋላ በር ሻንጣ ተሻግረው መግባት ሊኖርባቸው ነው። ስለዚህ አንዱ ወገን ሁልጊዜ ነፃ መሆን አለበት። እሱም የቀኙ ቢሆን ይመረጣል። የምንነዳው በቀኝ ስለሆነ በቀኝ በር የሚወርድ ልጅ የሚወርደው እግረኛው መንገድ ላይ ነው፤ በግራ የወረደው ባጃጅ ላይ ነው።

በእናንተ ቤት እኔ እንዲህ አስቀምጣለሁ። አማትሽ ጋቢና ይቀመጡ። ለመውጣትም ለመውረድም የሚቀለው እሱ ነው፤ ጉልበታቸውም ይዘረጋል። እሳቸውን ሦስተኛ ረድፍ ማስገባት ፈጽሞ አይታሰብም። ወንበሩ ዝቅ ያለ፣ ጉልበት ወደ ደረት የሚመጣበት ነው። አንቺ መሀለኛው ረድፍ ላይ በቀኝ በኩል ሁኚ። ሕፃኑ በግራ ጫፍ፣ የሦስት ዓመቱ መሀል ላይ። የ11 እና የ7 ዓመቶቹ መጨረሻ። መኪናው ሲቆም አንቺ ትወርጃለሽ፣ ወንበርሽን ታጥፊያለሽ፣ እነሱ ይወጣሉ። ሕፃኑ አይነካም።

ይህ አቀማመጥ የሚሠራው ግን ለብቻው የሚታጠፈው ጠባቡ ወገን በቀኝ ሲሆንና መሀለኛው መቀመጫ ላይ ያለው ቀበቶ ሲፈቅድ ነው። በቆዩ ሞዴሎች ብዙ ጊዜ የመሀሉ ቀበቶ ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰር ነው፤ ትከሻ ላይ የሚያልፍ የለውም። ከገበያ ገበያም ይለያያል። አንዳንድ የልጅ መቀመጫ በወገብ ቀበቶ ብቻ መታሰር ይችላል፤ አንዳንዱ አይችልም። የራሱ መመሪያ ላይ ተጽፏል። ስለዚህ መኪናውን ልታዩ ስትሄዱ መቀመጫዎቹን ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ ቢገረም ይገረም። ሁለት የልጅ መቀመጫና አንድ ሰው ጎን ለጎን ይገባ አይገባ በዓይን አይለካም። የሁለተኛው ትውልድ አቫንዛ ስፋቱ 1.66 ሜትር ነው፤ ኤርቲጋው 1.73 አካባቢ ነው። ሰባት ሳንቲ ሜትር ወረቀት ላይ ትንሽ ናት። መሀለኛ ረድፍ ላይ ትከሻ ለትከሻ ሲገጥሙ ግን ትታወቃለች።

ሕፃኑ ፊቱን ወደ ኋላ አድርጎ ነው የሚታሰረው። ይህ መቀመጫ ከፊት ለኋላ ሰፊ ቦታ ይወስዳል፤ የሹፌሩን ወንበር ወደ ፊት ሊገፋ ይችላል። ባለቤትሽ ረጅም ከሆነ መሪው ጉልበቱ ላይ እንዳይመጣ እዚያው ተቀምጦ ይሞክር። ጋቢና ላይ ግን ሕፃኑን ፊቱን ወደ ኋላ አድርገሽ እንዳታስሪ። ከፊቱ ያለው ኤርባግ ቢፈነዳ ሕፃን ይገድላል።

ሌላው የሚረሳ ነገር ዕቃው ነው። ሰባቱም መቀመጫ ሲዘረጋ ከኋላ የሚተርፈው ቦታ ትንሽ ነው። አሁን ያለው ኤርቲጋ በዚህ ሁኔታ የሚተርፈው 153 ሊትር ነው። አንድ መካከለኛ ሻንጣና ጥቂት ፌስታል ማለት ነው። አቫንዛም ራሽም ከዚህ ብዙ አይርቁም። ስለዚህ «ሰባት ሰውም፣ ሁለት ብስክሌትም፣ አንድ ኩንታል ቡናም» የሚባል ጉዞ በእነዚህ መኪኖች የለም። ለዚያ ሚኒባስ ነው የሚያስፈልገው። ለዕለት ኑሮ ደግሞ ሚኒባስ መንዳትና ማቆም፣ ነዳጁም ቢሆን፣ ለእናንተ የሚመች አይመስለኝም።

ነገር ግን ኑሯችሁን ልብ ብለሽ እዪው። ሰባታችሁም አንድ ላይ የምትወጡት ስንቴ ነው? ቅዳሜ ልምምድ ሲኬድ ሁለቱ ልጆች፣ አንድ ወላጅና ምናልባት የጎረቤት ልጅ ነው። ያኔ የመጨረሻው ረድፍ ይታጠፋል። ብስክሌት፣ ኳስ፣ የጭቃ ጫማ ሁሉ እዚያ ይገባል። የአለታ ወንዶው ጉዞ ነው ከባዱ። ለእሱ ሁለት መፍትሔ አለ። አንዱ ፖርቶ መጋላ፣ ማለትም የጣራ ዕቃ መጫኛ፣ ማስገጠም ነው። ሁለተኛው አማትሽ ወይም ከልጆቹ አንዱ በማይሄድበት ቀን ግማሹን የኋላ ወንበር አጥፎ ከባዱን ዕቃ እዚያ ማድረግ ነው።

ፖርቶ መጋላ ላይ ጥንቃቄ ይደረግ። ለእንዲህ ዓይነት መኪና ጣራ የሚፈቀደው ክብደት ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 75 ኪሎ ነው፤ የራሱ መመሪያ ላይ ይገኛል። ሁለት የልጆች ብስክሌት ምንም አይደለም። ኩንታል ግን 100 ኪሎ ነው። ጣራ ላይ የተጫነ ከባድ ዕቃ መኪናውን ጠመዝማዛ ላይ ያወዛውዘዋል፣ ፍሬን ሲያዝም ወደ ፊት ይስበዋል። ቆጮው ውሃ አለውና ከሚታየው በላይ ይከብዳል፤ ታች ይሁን። ቀላሉ፣ ፍራሹና ብርድ ልብሱ፣ ላይ ይሁን። መኪናው ሰውን ጨምሮ የሚችለው ጠቅላላ ጭነት ወደ 500 ኪሎ አካባቢ ነው። ሰባታችሁ ከነልጅ መቀመጫው 300 ኪሎ ልትጠጉ ትችላላችሁ። የቀረውን አንቺ አስይው።

ሞተሩ ለምን 1.5 ይሁን አልኩ? በከፍታችን ምክንያት ነው። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ሀዋሳ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ስለዚህ መኪናው ፋብሪካው ከጻፈለት ጉልበት ወደ አንድ ስድስተኛ የሚሆነውን ሳይነሳ አጥቶታል። አዲስ አበባ ሲደርስ ወደ አንድ አራተኛ ይጠጋል። ባለ 1.3 ሊትር አቫንዛ ወደ 95 የፈረስ ጉልበት አለው፤ እዚህ የሚቀረው 80 ገደማ ነው። ሰባት ሰው ጭናችሁ፣ ኤሲ ከፍታችሁ፣ ከይርጋለም በኋላ ዳገቱን ስትይዙ ጭነት መኪና ለመቅደም ሲሞከር ያንሳል። ለመቅደም የሚወስደው እያንዳንዱ ተጨማሪ ሰከንድ በሌላ ሰው መስመር ላይ የምትሆኑበት ሰከንድ ነው። 1.5ቱ ሮኬት አይደለም፤ ግን ልዩነቱ ያን ቦታ ላይ ይታያል።

ኤሲ ካነሳሁ አይቀር፦ ጣራ ላይ ለኋላ ሰው የሚነፋ መንፊያ ያለውን ፈልጉ። አቫንዛም ኤርቲጋም ብዙ ጊዜ አላቸው። በሀዋሳ የበጋ ፀሐይ የፊቱ ኤሲ ብቻ ሦስተኛ ረድፍ አይደርስም፤ እዚያ የሚቀመጡት ደግሞ ልጆች ናቸው።

ከሦስቱ የቱ? ራሽ ከፍታው 220 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቁመናውም ባለቤትሽ የሚፈልገውን ይመስላል። ለመሳፈር ግን ከፍ ይላል፤ አማትሽ ይቸገራሉ። ሦስተኛው ረድፉም ጠባብ ነው። ኤርቲጋ ከሁሉም ይለሰልሳል፣ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ስፋትም አለው። 180 ሚሊ ሜትር ከፍታው ለአስፋልትና ለኮብልስቶን በቂ ነው፤ ሰባት ሰው ሲጫን ግን ኋላው ዝቅ ስለሚል በክረምት የገጠር መንገድ ላይ ሆዱ ይነካል። የቀድሞው አቫንዛ፣ ማለትም ከ2021 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራው፣ ጠንከር ያለ አነዳድ አለው፤ ያንቀረቅባል። ነገር ግን የሚገፋው በኋላ ጎማ ነው። ሰውና ዕቃ ሲሞላ ክብደቱ ኋላ ላይ ስለሚያርፍ ዳገት ላይ ጎማው መሬት ይነክሳል። አዲሱ አቫንዛ በፊት ጎማ የሚሳብ ሆኗል።

ስለዚህ ጥያቄው አለታ ወንዶ ያለው ቤተሰብ አስፋልት ዳር ነው ወይስ ገባ ብሎ ነው? አስፋልት ዳር ከሆነ እኔ ኤርቲጋን እመርጣለሁ፤ መሀለኛው ረድፍ ለእናንተ ይሰፋል። ገባ ብሎ የጭቃ መንገድ ካለ አቫንዛ 1.5። ሁለቱም ያስኬዳሉ። ያገኛችሁት የተሻለ የተያዘው ያሸንፍ።

አሁን ወደ ወንድምሽ። ወንድምሽ የሚለው ነገር መሠረት አለው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከልክሏል። የመብራት ወጪ ከቤንዚን ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። የሞተር ዘይት የለም፣ የዘይት ፊልትሮ የለም፣ ፍሪሲዮን የለም። የራሱ ግቢ፣ የራሱ ቆጣሪ ላለውና አብዛኛውን ጊዜ ከተማ ውስጥ ለሚነዳ የሀዋሳ ሰው ዛሬ ቢጠይቀኝ ኤሌክትሪክ ግዛ ነው የምለው። ሜዳ ከተማ ናት፤ ርቀቱም አጭር ነው።

እናንተን የሚያስቸግራችሁ ቆጣሪው ነው። ኤሌክትሪክ መኪና ቤት ውስጥ በአግባቡ ለመሙላት 7 ኪሎ ዋት የሚሰጥ ቻርጀር ያስፈልጋል። እሱ ለብቻው 32 አምፔር ይወስዳል። ከተከራዮች ጋር በጋራ ቆጣሪ ላይ ይህን ማድረግ አይቻልም። እናንተ ስትሞሉ የጎረቤት ምጣድ ከተጫነ መስመሩ ይዘልላል፤ ይባስ ሲልም ሽቦ ይግላል። በተራ ሶኬት እንሞላለን ካላችሁ በአንድ ሰዓት 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው የምታገኙት። 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ከባዶ ለመሙላት 30 ሰዓት ማለት ነው፤ መብራት ካልጠፋ። ከዚያ ሒሳቡን ማን ይክፈል የሚለው ጠብ ይመጣል። የራሳችሁን ቆጣሪ ለማስገባት የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎትንም አከራያችሁንም ማሳመን ይኖርባችኋል፤ ነገ ቤት ስትቀይሩ ደግሞ ያ ሁሉ ወጪ እዚያው ይቀራል።

መቀመጫውም አለ። ርካሽ የሆኑት ኤሌክትሪኮች ትንንሾች ናቸው። ቢዋይዲ ሲጋል እንዲያውም የተሠራችው ለአራት ሰው ነው። ባለ ሦስት ረድፍ የሆነው ፎልክስቫገን አይዲ 6 ለእናንተ ልክ ነው፤ ዋጋው ግን ሌላ ዓለም ነው። ርቀቱንም ሻጭ በሚነግራችሁ አትያዙ። ለቻይና ገበያ በተሠሩት ላይ የሚጻፈው ቁጥር ዝግ ብሎ በሚነዳ ሙከራ የተገኘ ነው። በእኛ መንገድ፣ ሙሉ ሰው ጭኖ፣ ኤሲ ከፍቶ ከዚያ 25 በመቶና ከዚያ በላይ ቀንሱ። 400 የተባለው 300 ቢሆን አይግረማችሁ። ሀዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያ ላይ ወደ 600 ሜትር ከፍታ ይወጣል። ከባቱ ወደ ሞጆ ያለው የፍጥነት መንገድ ላይ 110 ከነዳችሁ ባትሪው ቶሎ ይወርዳል። ሕፃን ይዞ መንገድ ላይ ቻርጅ መፈለግ አልመኝላችሁም። ወንድምሽን እንዲህ በዪው፦ የራሳችን ቤት ስንገባ ቀጣዩ መኪናችን ኤሌክትሪክ ነው። ያኔ ምርጫውም ይሰፋል።

የቤንዚኑ መኪና ከውጭ ስለማይገባ የምትገዙት ያገለገለ ነው። ያገለገለ ሰባት መቀመጫ ደግሞ አብዛኛው ሠርቶ የበላ ነው። ሜትር ታክሲ፣ ኪራይ፣ የድርጅት ሰርቪስ። ያ በራሱ ክፉ አይደለም። ክፉው ተደብቆ ሲሸጥ ነው። ኪሎ ሜትሩ 60,000 ይላል፤ የፍሬኑ ፔዳል ላስቲክ ግን ተበልቶ አልቋል፣ መሪው ለስልሷል፣ የሹፌሩ ወንበር ጠርዝ ተቀዷል። ቁጥሩን ሳይሆን ፔዳሉን እመኑ። ሦስተኛውን ረድፍ ዘርጉት። ያልተነካ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። ቀበቶዎቹ አሉ? ይስባሉ? ይቆልፋሉ? ሰባቱንም አንድ በአንድ እሰሩና ፍቱ። ራስ መደገፊያ የሌለው የኋላ ወንበር ላይ ልጅ አይቀመጥም፤ ከጀርባው ያለው የኋላው በር ብቻ ነውና።

ከዚያ መኪናውን ሞልታችሁ ንዱ። ባዶውን ሁሉም ጥሩ ነው። ስድስት ሰባት ሰው ጭናችሁ ወደ ሻሸመኔ 25 ኪሎ ሜትሩን ሂዱ፤ ከዚያ ወደ ወንዶ ገነት ታጠፉና ትንሽ ዳገት ያግኝ። ጉድጓድ ላይ ኋላው «ድው» ካለ አሞርዛተሩ ሄዷል። ከተረገጠበት ነዳጅ እግር ሲነሳ ከኋላ እንደ ማፏጨት ያለ ድምፅ ከመጣ የቀድሞው አቫንዛ ላይ ዲፈረንሻሉን አስፈትሹ። የሙቀት መለኪያው ከግማሽ ካለፈ ግዢው ይቁም። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱ። ውስጡ ዝገት የመሰለ ቡናማ ውሃ ካለ ኩላንት ሳይሆን የቧንቧ ውሃ ሲጠጣ ኖሯል፤ የቴስታ ጓርኒሲዮን፣ ማለትም የሞተሩ ራስ ማሸጊያ፣ ጣጣ ከዚያ ይመጣል።

መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተቀየረ ከሆነ እኔ ለቤተሰብ አልመክርም። ሥራው በደንብ ተሠርቷል አልተሠራም ለማየት ዳሽቦርዱ መፈታት አለበት፤ የኤርባጉ ነገርም አያስተማምንም።

ጎማው ላይ ያለውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አንብቡ። 3519 የሚል ከሆነ በ2019 እ.ኤ.አ. በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ከስድስት ዓመት ያለፈ ጎማ በሙቀትና በጭነት ሊፈነዳ ይችላል፤ ዋጋው ላይ ተደራደሩበት። ስኮርታውንም አትርሱ። የአየር ልኩ በሹፌሩ በር በኩል ተለጥፏል፤ ለሙሉ ጭነት የተጻፈው ከባዶው ከፍ ይላል። አለታ ወንዶ ከመሄዳችሁ በፊት በዚያ አስሞሉ።

ወረቀቱን በተመለከተ አጭር ልሁን። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር ይመሳከር። የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ እንደሌለበት ፋይሉ ካለበት ትራንስፖርት ቢሮ አስጠይቁ። ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ቀረጡ መከፈሉን እዩ፤ ካልተከፈለ ስም አይዞርም። «ውክልና እሰጣችኋለሁ፣ ስሙን በኋላ ታዞራላችሁ» የሚል ሻጭ ካለ ምስጋና አቅርባችሁ ሂዱ።

ከገዛችሁ በኋላ የሚሆን ገንዘብ አስቀሩ። ያላችሁን ሁሉ ለሻጩ አትስጡ። የሞተር ዘይት፣ የካምቢዮ ዘይት፣ ኩላንት፣ የፍሬን ሸራ፣ ምናልባት አራት ጎማና ባትሪ፤ እነዚህ በመጀመሪያው ወር የሚመጡ ናቸው። የልጆቹ መቀመጫም ከዚሁ በጀት ነው። የሕፃኑንና የሦስት ዓመቱን አዲስ ግዙ። ያገለገለ ከሆነ ታሪኩን የምታውቂው፣ ግጭት ያላየ፣ ቀኑም ያላለፈ ይሁን፤ ጎኑ ወይም ሥሩ ላይ ተጽፏል። ለሰባት ዓመቱ ቀበቶው አንገቱ ላይ እንዳይመጣ ከፍ የሚያደርግ መቀመጫ ይበቃዋል።

ቪትዟን ሽጧት። ሁለት መኪና ማለት ሁለት ቦሎ፣ ሁለት ኢንሹራንስ፣ ሁለት ጊዜ ጎማ ነው። ሁለታችሁም በአንድ ሰዓት ወደ ተለያየ አቅጣጫ የምትነዱ ቢሆን ኖሮ ሌላ እል ነበር፤ ይህን ግን አልጻፍሽልኝም። ቪትዝ ቶሎ ይሸጣል፤ ገንዘቡም ከ1.3 ወደ 1.5 የሚያሻግራችሁ ሊሆን ይችላል። ቅደም ተከተሉ ላይ ብቻ ተጠንቀቁ። አዲሱ ተመርምሮ፣ ስሙ ዞሮ፣ የሕፃኑ መቀመጫ ገብቶ እስኪሞከር ድረስ ቪትዟ ግቢ ውስጥ ትቆይ። ይህም ቢቻል እስከ ኅዳር አጋማሽ ይለቅ፤ ሕፃናት ቀጠሮ አያከብሩምና።